ድንኳኑ ለመኪናው ነው፤ ለሰውየውስ?

(የመግቢያ ሙዚቃ ተሰምቶ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ለዛሬ የመረጥነው ጉዳይ የመኪና ቀለም ነው። መኪናውን ከግቢው ሳያወጣ እዚያው ቤቱ መቀባት ለሚፈልግ ሰው ስለተሠራ፣ በአየር ስለሚነፋ ድንኳን እንነጋገራለን። ቪዲዮውን በስልካችሁ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ተጠቅልሎ የመጣ ጨርቅ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ሞተር ይነሣል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መኪና የሚያስገባ ቤት ቆሞ ይታያል። በሩ በዚፕ ይዘጋል፣ ሠራተኛው ውስጥ ሆኖ ይረጫል፣ መኪናው እያብረቀረቀ ይወጣል። ቪዲዮው የማያሳየው ነገር ግን አለ፤ የዛሬው ወሬያችን ይበልጡን ስለ እሱ ነው።

መጀመሪያ፣ ሰው ለምን ቤቱ መቀባት ያምረዋል? በእኛ አገር መኪና ቶሎ አይለወጥም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ በእጅ ያለው ቪትስ፣ ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ ባጃጅም ቢሆን ሞተሩ እየታደሰ፣ ላሜራው እየተቀጠቀጠ ይነዳል። በደጋ አገር ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ የመኪናው ጣሪያና ኮፈን ከሌላው አካል ቀድሞ ይነጣል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ከዚያ ዝገቱ ይገባል። ማሞቂያና አየር ማጣሪያ ያለው ቋሚ የቀለም ክፍል ፍለጋ ባሕር ዳር ይኬድ ቢባል ከፍኖተ ሰላም 176 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ይሁን ቢባል 387። በደጋ ዳሞት ካለችው ከፈረስ ቤት የሚነሣ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ዋናው መንገድ ላይ መድረስ አለበት። ወጪው፣ የሚባክነው የሥራ ቀን፣ የአልጋ ኪራዩ ሲደመር ከቀለሙ ዋጋ ይበልጣል።

ስለዚህ የብዙ ከተሞቻችን ቀለም ቀቢ በሜዳ ይሠራል። ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ መሬቱን ውኃ ይረጭበታል፣ መስታወቱንና ጎማውን በጋዜጣና በፕላስተር ይሸፍናል፣ ኮምፕረሰሩን ያስነሣል፣ ቸኩሎ ይረጫል። ሁለተኛውን እጅ ሳይጨርስ አንድ አይሱዙ በጠጠሩ መንገድ ያልፋል፤ ቀዩ አፈር ተነሥቶ እርጥቡ ቀለም ላይ ይቀመጣል። ወይም ትንኝ ትገባበታለች። ከደረቀ በኋላ በ1500 የብርጭቆ ወረቀት ማሸትና በፖሊሽ ማስተካከል ይኖራል፤ ያ ሥራ ከመርጨቱ የባሰ ጉልበት ይፈጃል። ለዚህ ሰው አቧራ የማያስገባ ድንኳን ሲታየው ቢያምረው አይፈረድበትም። ምኞቱ ተገቢ ነው፤ ሙያውን ስለሚያከብር ነው የተመኘው።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። ድንኳኑ የሚሠራው በላስቲክ ከተለበጠ ጠንካራ ጨርቅ ነው። ለቤት መኪና የሚሆነው ብዙ ጊዜ ርዝመቱ 8 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ወርዱ 4 ሜትር ተኩል፣ ከፍታው 3 ሜትር አካባቢ ነው። ብሎወር የሚባሉ ሁለት ነፊ ሞተሮች አሉት። አንደኛው የግድግዳውን ቧንቧዎች ነፍቶ ያቆማል፤ ሥራው እስኪያልቅ መጥፋት የለበትም። ሁለተኛው ከውጭ አየር እየሳበ በማጣሪያ በኩል ወደ ውስጥ ይሰዳል። ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው በትንሹ ስለሚበልጥ በዚፑ ቀዳዳ አቧራ አይገባም፤ አየሩ በኋላ በኩል ባለው የስፖንጅ ማጣሪያ አድርጎ ይወጣል። አሠራሩ ይኸው ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አቧራን በማስቀረት በኩል ይሠራል።

መብራት ላይ ግን ቆም እንበል፤ እኛ ዘንድ ከባዱ ጥያቄ እሱ ነውና። ሁለቱ ነፊዎች አንድ ላይ ወደ 2 ኪሎ ዋት ይፈልጋሉ። ባለ ሁለት ፈረስ ጉልበት ኮምፕረሰር ሲጨመር 3 ኪሎ ዋት ተኩል ይሆናል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ለአንድ ተራ ሶኬትና ለቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ይህ ከባድ ጭነት ነው፤ ገመዱ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል። በዚያ ላይ ኮምፕረሰር ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ ነፊዎቹና ኮምፕረሰሩ በተለያየ መስመር ይሁኑ፤ መስመሩንም የሚዘረጋው ሙያውን የሚያውቅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሁን።

«ጀነሬተር አለኝ» የምትሉ ደግሞ አንድ ስሌት ስሙኝ። ጀነሬተር ላይ የተጻፈው ጉልበት ከባሕር ወለል አጠገብ የሚሰጠው ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 ከመቶ ተኩል ያህል ያጣል። ፍኖተ ሰላም ከ1,900 ሜትር በላይ ናት፤ ቡሬ ከ2,000 ሜትር ታልፋለች፤ ወደ ደጋ ዳሞት ሲወጣ ይብሳል። 5 ኪሎ ዋት ተብሎ የተገዛው ጀነሬተር ፍኖተ ሰላም ላይ 3.9 ገደማ ነው የሚሰጣችሁ። ነፊዎቹን ይዞ ኮምፕረሰሩን ሲያስነሣ ሊንተፋተፍ የሚችለው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ የነዳጁ ወይም የሻጩ አይደለም።

መብራት ቢሄድስ? ነፊው ቆመ ማለት ድንኳኑ መውረድ ጀመረ ማለት ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያው እርጥቡ ቀለም ላይ ይተኛል፤ የቀኑ ልፋት ጨርቁ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ለዚህ መፍትሔው በእጃችን ነው። ከድንኳኑ ውጭ በአራቱ ማዕዘንና በጎኖቹ መሐል አጣና ትከሉ፤ በአናቱ ገመድ ወጥሩ፤ የጣሪያውን ቀለበቶች ከገመዱ ጋር እሰሩ። መብራት ቢጠፋ ግድግዳው ይልማል፣ ጣሪያው ግን ተንጠልጥሎ ይቆያል። ውስጥ ያለው ሰው ዚፑን ከፍቶ ይወጣል፤ ዚፑ ከውስጥም መከፈቱን አስቀድማችሁ ሞክሩት። አጣናው ለነፋስም ይጠቅማል፤ ባዶ ድንኳን ነፋስ ካነሣው ከጎረቤት ጣሪያ በፊት አይቆምም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እባካችሁ በሥራ ላይ ያላችሁ ቀለም ቀቢዎችም፣ ልጆቻችሁን ወደ ጋራዥ ሙያ የላካችሁ ወላጆችም ጆሯችሁን ስጡኝ።

ቀለም በስፕሬይ ሲረጭ ሁሉም መኪናው ላይ አያርፍም። በድሮው ዓይነት ስፕሬይ ጋን ከሚረጨው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ብናኝ ሆኖ አየር ላይ ይቀራል። ኤችቪኤልፒ የሚባለው፣ ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት የሚጠቀመው ጋን ይሻላል፤ ቢያንስ 65 ከመቶውን ያሳርፋል። የቀረውስ? በሜዳ ሲሠራ ነፋስ ይወስደዋል፤ ጎረቤት ስጥ ላይ፣ የታጠበ ልብስ ላይ ያርፋል፤ ያ ራሱ በደል ነው። በድንኳን ውስጥ ሲሠራ ግን ብናኙ ሄዶ አያልቅም፤ ከሠራተኛው ጋር ተዘግቶበት ይቆያል። ድንኳኑ ቀለሙን ከአቧራ ይጠብቃል፤ ሰውየውን ግን ከቀለሙ አይጠብቅም። እንዲያውም ሜዳ ላይ ከነበረው በላይ ብናኝ ያስተነፍሰዋል።

ቁጥሩን እንየው። ደረጃውን በጠበቀ የቀለም ክፍል ውስጥ አየሩ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል እየተጓዘ ሠራተኛውን አልፎ ይሄዳል። የድንኳናችን ወርድና ከፍታ ሲባዛ 13 ሜትር ካሬ ተኩል ነው። በዚህ ስፋት ላይ ያንን ፍጥነት ለማግኘት በሰዓት ከ24,000 ሜትር ኩብ በላይ አየር ይፈለጋል። አንድ ፈረስ ጉልበት አካባቢ ያለው ነፊ ሞተር የዚህን ትንሽ ክፍል ብቻ ነው የሚሰጠው። ድንኳኑ ቆሞ ስላያችሁት፣ ፊታችሁም ላይ ነፋስ ስለተሰማችሁ አየሩ ተለውጧል ብላችሁ አትመኑ።

ብናኙ ውስጥ ምን አለ? እንደ ቀለሙ ዓይነት ይለያያል። ሁላችሁም የምታውቁት ናይትሮ ቀለም አለ፤ በቲነር ቀጥኖ ይረጫል፣ ቲነሩ ሲተን ይደርቃል። ታሪኩ ረጅም ነው። ኩባንያዎቹ ዱፖንና ጄኔራል ሞተርስ ናይትሮውን ዱኮ ብለው በፈረንጆች 1923 ገደማ ኦክላንድ በተባለው መኪና ላይ ከማውጣታቸው በፊት አንድ መኪና በብሩሽ ተቀብቶ እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። በናይትሮ ቀናት ብቻ በቁት፤ ስፕሬይ ጋንም በየፋብሪካው የገባው ከዚሁ ጋር ነው። ሁለተኛው ዓይነት ሀርድነር የሚቀላቀልበት፣ ባለ ሁለት ቆርቆሮው ቀለምና ክሊር ነው። ይኼኛው ይበልጥ ያብረቀርቃል፣ ቤንዚን ቢፈስበት አይለቅም፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ባለሙያ ቢመርጠው አይገርምም። ነገር ግን ሀርድነሩ ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ።

ስለ አይሶሳይኔት አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ዝግጅት ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፦ አይሸትም። የሚሸታችሁ ቲነሩ ነው። ስለዚህ «ሽታው ጠፍቷል፣ ማስኩን ላውልቅ» የሚል ሰው ገና ጎጂውን አየር እየተነፈሰ ነው። የሚረጨው ብናኝም ከፊሉ በዓይን አይታይም። የብሪታንያ የሥራ ጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው፣ መኪና የሚረጩ ሠራተኞች በአስም የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሠራተኛ በ80 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። አንድ ጊዜ ሰውነት ከተቆጣ በኋላ ደግሞ ጥቂት ብናኝ እንኳ ደረትን ይዘጋል፤ ብዙዎች ሙያውን ጥለው ለመውጣት ተገደዋል። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ1989 እ.ኤ.አ. የቀለም ቀቢነትን ሥራ ካንሰር ከሚያመጡት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል።

በሽታው እንዴት እንደሚጀምር ልንገራችሁ፤ ብዙዎች ሳያውቁት ይቆያሉና። ሰውየው ቀን ሲረጭ ምንም አይሰማውም። ማታ ወይም ሌሊት ላይ ደረቱ ይጨነቃል፣ ደረቅ ሳል ያስለዋል፣ ሲተነፍስ ያፏጫል። እሑድ ወይም በበዓል ሰሞን ሥራ ሲያቆም ይሻለዋል። ሰኞ ሲመለስ ይመጣበታል። በደጋ አገር ስለሆነ «ብርድ መታኝ» ይላል፣ ዝንጅብል ይጠጣል፣ ጋቢ ይደርባል። ይህ ምልክት ያለባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ሥራችሁን ለባለሙያው ንገሩ። «ቀለም እረጫለሁ፣ ሀርድነር እጠቀማለሁ» ብላችሁ ካልተናገራችሁ ሐኪሙ በምን ያውቃል?

እና ምን ይለበስ? ፊት ላይ የሚታሰር ፎጣ ወይም ሻርፕ ምንም አይከላከልም። ሥራ የዋለ ሠራተኛ ማታ ሲናፈጥ መሐረቡ ላይ የመኪናውን ቀለም ያገኘዋል፤ ፎጣው ያሳለፈው እሱን ነው፤ ሳንባ የደረሰው አይታይም። በኮሮና ጊዜ የለመድነው ሰማያዊ ማስክም ለትነት አልተሠራም። ለናይትሮ ቀለም በሁለቱ ጉንጭ ካርቦን ካርትሪጅ ያለው፣ ከፊቱ ደግሞ የብናኝ ማጣሪያ የተገጠመለት የላስቲክ ማስክ ያስፈልጋል። ፊት ላይ ክፍተት ሳይተው መቀመጥ አለበት። ጺም ያለው ሰው ላይ አይገጥምም፤ አየሩ በጺሙ ሥር ይገባል። ካርትሪጁ ሥራ ሲያልቅ አየር በማያስገባ ፌስታል ታሽጎ ይቀመጥ፤ ክፍት ከዋለ ባትጠቀሙበትም ካርቦኑ ይሞላል። ለሀርድነር ቀለም ግን ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ነው የሚመከረው፤ ካርትሪጅ ማለቁን የሚነግራችሁ ሽታ የለምና። እጅና ዐይንም ይሸፈኑ፤ ኬሚካሉ በቆዳም ይገባል።

እኔ የምመክረው ቁርጡን ነው። የአየር ቱቦ ያለው ጭንብል ከሌላችሁ በዚህ ድንኳን ውስጥ ሀርድነር ያለው ቀለም አትርጩ። ናይትሮ ተጠቀሙ። ማብረቅረቁ ያንሳል፣ ከዓመታት በኋላ ፖሊሽ ይፈልጋል፤ ይፈልግ። ክሊር የግድ ነው የሚል ደንበኛ ካለ መኪናው ትክክለኛ ክፍል ወዳለበት ይሂድ። ገንዘብ አጠራቅሞ ድንኳን ሊገዛ የተነሣ ሰውም መጀመሪያ ጭንብሉን ይግዛ፤ ጭንብሉ ሜዳ ላይም ያገለግላል።

እዚህ ላይ አሠሪዎችን አንድ ነገር ላስታውስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብን ግዴታ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ወጣቶችን ለጤናቸው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ ማሰማራትንም ይከለክላል። በየጋራዡ ስቱኮ የሚፍቀው፣ ቲነር የሚያቀብለው፣ ጋኑን በባዶ እጁ የሚያጥበው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ሙያ ይማር፤ ላሜራ ይቀጥቅጥ፣ ሽፋን ይለጥፍ። ድንኳኑ ውስጥ ግን አይግባ።

ሌላው አደጋ እሳት ነው። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይሄድም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ዝቅተኛ ቦታ ይተኛል። ቲነር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቶሉዊን በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ይሰጣል፤ የፈረስ ቤት ማለዳ ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ግቢ ውስጥ ሥራ ካለ «ቡና ላፍላላችሁ» የሚል ደግ ሰው አይጠፋም። ያን ቀን ቡናው ጎረቤት ይፈላ። ከሰል፣ ምድጃ፣ ሲጋራ፣ ሻማ ከግቢው ይውጡ፤ የሣር ክዳን ያለው ማድ ቤት አጠገብ ካለ ደግሞ ድንኳኑን እዚያ ግቢ አትትከሉ። በጋለ ፓውዛ ቀለም ለማድረቅ ውስጥ ማስገባት በጣም አደገኛ ነው። የነፊዎቹ አየር መሳቢያ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል፣ ከማጣሪያው መውጫ በተቃራኒ ይቀመጥ፤ ጀነሬተሩ ደግሞ ከሁለቱም ርቆ በጎን በኩል ይቁም። አለበለዚያ ነፊው የወጣውን ትነት፣ የጀነሬተሩንም ጭስ መልሶ ያስገባዋል። የዱቄት እሳት ማጥፊያና አንድ ባልዲ አሸዋ በሩ ላይ ይኑር።

የትኛው ወቅት ይሻላል ለምትሉ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ተውት። በእርጥብ አየር ቲነሩ ቶሎ ሲተን ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበት ቀለሙ ላይ ያርፍና ነጭ ነጭ እያለ ይቀራል። ድንኳኑ ዝናብ ቢከለክልም እርጥበት አይከለክልም፤ የሚነፋው የውጭውን አየር ነው። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ አየሩ ይደርቃል፤ መንገዱም ገና ዱቄት አልሆነም። ሰዓቱ ደግሞ ጤዛው ተንኖ ብረቱ በእጅ ሲነካ ለብ ካለ በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ በኋላ የተቀባ መኪና በደጋ ሌሊት ሳይደርቅ ያድራል፤ ጠዋት ጤዛ ይጥልበታል።

ከመርጨቱ በፊት ስላለው ዝግጅት አጠር አድርጌ ልናገር፤ ባለሙያዎቹ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቀለም የሚያምረው ከሥሩ ባለው ሥራ ነው፤ ዝገቱ እስከ ብረቱ ካልተፋቀ፣ ስቱኮው ካልተስተካከለ፣ ፀረ ዝገቱ ካልተቀባ ድንኳን አያድነውም። አሮጌ ቀለም ስትፍቁ ግን በደረቁ አትፍቁት። በድሮ ቀለሞች፣ ይልቁንም በቢጫው፣ በአረንጓዴውና በቀዩ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ነበር። አገራችን በ2010 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ በሚሊዮን ከ90 እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን ዛሬም በመኪናው ላይ ነው። እርሳስ ለሕፃናት አእምሮ ክፉ ነገር ነው። የብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ ውስጥ እየነከራችሁ ፍቁ፤ ጭቃውን በላስቲክ ላይ ሰብስቡ። የጎመን መደብ ወይም ምንጭ ዳር አይፍሰስ። ጋን የታጠበበት ቲነርም እንዲሁ፤ ተዘግቶ ቢቀመጥ ዝቃጩ ይጠልላል፣ ከላይ ያለው ለሚቀጥለው እጥበት ያገለግላል።

ቀለሙን ወደ ሌላ መልክ የምትለውጡ ከሆነ ደግሞ ከመርጨታችሁ በፊት መኪናው የተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ሊብሬው ላይ የመኪናው ቀለም ተጽፏል፤ ነጭ የሚል ሊብሬ ይዞ ጥቁር መኪና መንዳት በቦሎ ጊዜም፣ በፍተሻም፣ በሽያጭም ጣጣ ያመጣል።

ታዲያ ድንኳኑ ይገዛ ወይስ ይቅር? አንድ መኪና ላለው አባወራ ይቅር እላለሁ። በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ለሚሠራ ሥራ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አያዋጣም፤ ጨርቁንም አይጥ ይበላዋል። አጣና ተክሎ፣ ንጹሕ ላስቲክ ወጥሮ፣ መሬቱን አርሶ፣ በአንድ በኩል አየር ማስገቢያ በሌላው መውጫ ማጣሪያ አድርጎ ዳስ መሥራት ይቻላል፤ መብራት ቢጠፋም አይወድቅም። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ተደራጅተው ለሚሠሩ ወጣቶች ግን ሌላ ነው። አንዱን ድንኳን በጋራ ገዝተው፣ የአየር ቱቦ ያላቸው ሁለት ጭንብሎች ጨምረው፣ መኪናው ባለበት ድረስ ሄደው ቢሠሩ ሥራ ይሆናቸዋል። በአሜሪካ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኪና የሚረጭ ሠራተኛ ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ፣ የክፍሉ ማጣሪያም ከብናኙ 98 ከመቶውን እንዲይዝ ሕግ ወጥቷል። የእኛ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም የመርጨት ሥልጠናውን ከጭንብልና ከአየር አወጣጥ ጋር አያይዘው ቢሰጡ እጅግ ደስ ይለኛል።

ድንኳን ላላችሁ ወይም ለምትገዙ አንድ ፈተና ላሳያችሁና ልጨርስ። መርጨት ካቆማችሁ በኋላ ብናኙ እስኪጠራ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ይህን ሳታውቁ ማስክ ማውለቅ የለባችሁም። ቀለምና ቲነር ግቢው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት፣ በሌላ ቀን፣ ድንኳኑን ባዶውን ንፉት። አየር የሚያስገባውን ሁለተኛውን ነፊ አጥፉት። በማጨሻ ላይ ዕጣን በርከት አድርጋችሁ፣ ማጨሻውን ቆርቆሮ ላይ አስቀምጣችሁ ውስጡን በጭስ ሙሉት። ማጨሻው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ሰውም አይቆይበት። ከዚያ ሁለተኛውን ነፊ አስነሡና በፕላስቲክ መስኮቱ በኩል እያያችሁ፣ ጭሱ ፈጽሞ እስኪጠፋ በሰዓት ቁጠሩ። በደንብ በተሠራ ቋሚ ክፍል ብዙ ጊዜ ከ5 ደቂቃ በታች ነው። በእንዲህ ያለ ድንኳን ሩብ ሰዓትም፣ ከዚያ በላይም ሊሆን ይችላል። ማዕዘኖቹን ልብ በሉ፤ ጭሱ የሚቆየው እዚያ ነው። ያገኛችሁትን ደቂቃ በማርከር የድንኳኑ በር ላይ በትልቁ ጻፉት። ማጣሪያው በቀለም ሲደፈን ደቂቃው ስለሚጨምር፣ ማጣሪያ በለወጣችሁ ቁጥርና ከብዙ ሥራ በኋላ ፈተናውን ድገሙት። የመጨረሻውን እጅ ረጭታችሁ ስትጨርሱ ጋኑን አስቀምጡ፣ ማስኩን ሳታወልቁ ውጡ፣ ዚፑን ዝጉ፣ ነፊዎቹ ይሥሩ። በሩ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ሳይሞላ ማንም ያለ ማስክ አይግባ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)